ፖሊስ ሲተኩስ ማን ይመርምረው?

የጠባሴው፦ ሰላም ቤተሰብ። ፖሊስ ተኩሶ ሰው ሲገድል ማስረጃውን የሚሰበስበው ያው ፖሊስ ነው፣ ዐቃቤ ሕግ የሚያየው የተጠናቀረለትን መዝገብ ነው። እንዲህ ሆኖ ውጤቱን ማን ያምናል?

የመሐል ሜዳዋ፦ ማንም! አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ ማለት ይሄው ነው። ቀለሁን የሚለቅመው አብሮት ዘብ ያደረ ጓደኛው ነው እኮ። ምስክሩስ? ነገ ከብቱ ቢሰረቅ የሚያመለክተው እዚያው ጣቢያ ነው፣ ምን ብሎ አፉን ይክፈት?

ጡረተኛው ሳጅን፦ ልጆቼ ቀስ በሉ። በጨለማ ገጀራ የመጣበት ሰው ለማሰብ ጊዜ የለውም። ምርመራ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ በኛ ጊዜ አስከሬን ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ተጭኖ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር የሚሄደው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

የጠባሴው፦ ከጠራማ ምን ነበረበት ጋሼ። ቺካጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የ17 ዓመት ልጅ በ16 ጥይት ተመታ። ፖሊሶቹ ቢላ ይዞ መጣብን አሉ። ቪዲዮው ከዓመት በላይ ተይዞ ቆይቶ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲወጣ ልጁ እየራቀ ነበር። ተኳሹ በ2018 ጥፋተኛ ተባለ፣ ግን ያ ሁሉ ወር መደበቁን ማን ይረሳል?

የሸዋሮቢቱ፦ ቺካጎ ድረስ ምን አስኬደህ? ከ1997 ምርጫ በኋላ የነበረውን ግድያ እንዲያጣራ ፓርላማ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ሞተዋል፣ የተወሰደው እርምጃ ግን ከመጠን ያለፈ አይደለም ተብሎ ሪፖርት ቀረበ። ምክትል ሰብሳቢው ከአገር ወጥቶ፣ መጀመሪያ የወሰንነው ተቃራኒውን ነበር፣ ጫና ተደርጎብን ነው አለ። ስለዚህ ገለልተኛ የሚል ታርጋ ብቻውን ለኔ ምንም ነው።

የመሐል ሜዳዋ፦ ታርጋውንማ ተወው። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ፖሊስን የሚመረምር ሲቪል ተቋም በሕግ አላት። እዚያም ግድያ አልቀረም፣ ግን የሟች እናት ከጣቢያው ሌላ የምታንኳኳው በር አላት። እኛ ጋ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) አለ፣ ይመረምራል፣ ሪፖርቱንም ያወጣል። በወንጀል መክሰስ ግን አይችልም።

ጡረተኛው ሳጅን፦ እሺ፣ ሌላ አካል ይምጣ፣ እኔም አልጠላም። ንጹሕ ፖሊስንም ከሐሜት ያድነዋል። ግን ያ አካል መርምሮ "ፖሊሱ ጥፋት የለበትም" ቢል ትቀበላላችሁ?

የመሐል ሜዳዋ፦ ማስረጃውን በአደባባይ ካሳየን፣ አዎ።

የሸዋሮቢቱ፦ እኔ እንጃ። መጀመሪያ ያሳዩን።