የአባቴን ቮልስ ቤት ላስነሳት ነው፤ ከየት ልጀምር?

የፈረንሳይዋ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

አባቴ 31 ዓመት የነዳት ቮልስ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። በፈረንጆቹ የ1968 ሞዴል ናት፤ 1300፣ ባለ 12 ቮልት። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ ወዲህ አልተነሳችም። ከላይዋ ቆርቆሮ አለ፤ ጎኗን ግን ዝናብ ያገኘዋል። ቆራሌው በመጣ ቁጥር በራችንን ያንኳኳል። እናቴም «ሽጪያትና ግቢው ይስፋን» ትለኛለች። ማታ ማታ ግን ወጥታ በነጠላዋ ጫፍ መስተዋቷን ስትጠርግ አያታለሁ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። አንደኛ ደረጃ ሳይንስ ነው የማስተምረው። ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ሲፈታታት ቁልፍ አቀባዩ እኔ ነበርኩ። 13 ቁጥር ሲለኝ ሳላይ አቀብለው ነበር። የመፍቻ ሣጥኑ እስካሁን አለ።

ከእቁብ 80 ሺህ ብር ደርሶኛል። ከዚህ በላይ የለኝም፤ መበደርም አልፈልግም። አንድ ባትላሜራ (የመኪና አካል ጠጋኝ) አምጥቼ አሳይቼው ነበር። «መጀመሪያ ቀለሟን እንቀባት፣ መልክ ሲኖራት ሞራልሽ ይነሳል» አለኝ። የጠራው ዋጋ ከያዝኩት ከግማሽ በላይ ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ይገባል። ቤንዚኑ የቀለም ሽታ አምጥቷል። ባትሪው ሞቷል። እንደምታውቁት ባትሪዋ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ወንበሩን ሳነሳ ወለሉ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ደህና ይመስላል። በካቻቪቴ ጫፍ ስነካው ግን እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። በቀዳዳው የግቢያችን ድንጋይ ታየኝ። አባቴ ከመታመሙ በፊት ለአንድ ጋራዥ ሰጥቷት ነበር፤ «ወለሉን በአዲስ ላሜራ ቀይረናል» ብለው ሙሉ ክፍያ ወስደዋል። የቀየሩት ነገር የለም። ዝገቱ ላይ ስቱኮ ለቅልቀው ቀለም ቀብተውበታል። አባቴ ይህን ሳያውቅ ነው የሄደው። የዚያን ቀን እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሥራውን ትቼ ገባሁ።

ቤታችን ዳገት ላይ ነው። ከበሩ እንደወጣሁ ቁልቁለት ነው። በዚህ ገንዘብ የቱን ልሥራ፣ የቱን ልተው? ቤት ውስጥ በራሴ እጅ ምን ያህል መሄድ እችላለሁ?

ጡረተኛው መካኒክ

ልጄ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። ቀለሙን ተይው። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። መኪና መጀመሪያ መቆም ይቻላት፣ ከዚያ ትሄዳለች፣ ከዚያ ታምራለች።

ሙያውን የጀመርኩት በ1967 ዓ.ም. ነው፤ ጃንሆይን በቮልስ ጭነው ከቤተ መንግሥት ያወጧቸው ዓመት። ያኔ ጋራዡ ሁሉ ቮልስ ነበር፤ እጄን የፈታሁት በእሷ ነው። ቀላል መኪና ናት። ግን ሥርዓት ትፈልጋለች።

ባትሪ ገዝተሽ በስታርተር እንዳትሞክሪያት። ስድስት ዓመት የቆመ ሞተር ሲሊንደሩ ደረቅ ነው። አራቱንም ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) ፍቺ። በየቀዳዳው አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሪና ይደር። በማግስቱ የዲናሞው ዳዶ ላይ 21 ቁጥር ቁልፍ አግቢና በእጅሽ ቀስ ብለሽ አዙሪ። ከዞረ ግማሹ ጭንቀት ቀለለልሽ። ከያዘ አታስገድጂው፤ ዘይቱ ጥቂት ቀን ይሥራበት።

ዘይቷን ቀይሪ። 2 ሊትር ተኩል ነው የምትይዘው። እንደ ሌላ መኪና የሚጣል ፊልትሮ የላትም። ከሥሯ በስድስት ዳዶ የተያዘ ክብ ክዳን አለ፤ ውስጡ ወንፊት ነው። አውጪና በናፍጣ እጠቢው። የሚያብለጨልጭ የብረት ፍርፋሪ ካየሽበት ሌላ ነገር ሳትነኪ ጻፊልኝ። ስትመልሺ ዳዶዎቹን ከልክ በላይ አታጥብቂያቸው። የሞተሩ አካል ማግኒዥየም ነው፤ ጥርሱ ይላጥብሻል።

የድሮውን ቤንዚን ሙሉ በሙሉ አውጪ። ከታንከሩ እስከ ካርቡራተሩ ያለውን የጎማ ቱቦ ሁሉ ቀይሪ፤ በየመገጣጠሚያው ፋሸታ (ቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) ይግባበት። ይህን አደራ የምልሽ ነው። ከሁሉም ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፣ ቮልስ የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ቱቦው ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ቤንዚኑ በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። በዓይኔ ሲነዱ ያየኋቸው አሉ።

ቫልቩን ራስሽ ታስተካክያለሽ። ጠዋት፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሲሆን። ክፍተቱ በፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ቀጭን ላሜራ) 0.15 ሚሊሜትር ይሁን። ከአንደኛው ሲሊንደር ጀምሪ፤ በቀኝ በኩል ወደ ፊት ያለው ነው። ከዚያ ሞተሩን ወደ ኋላ ግማሽ ዙር ስትመልሺው ሁለተኛው ይመጣልሻል፤ ሌላ ግማሽ ዙር ሦስተኛው፤ ሌላ ግማሽ ዙር አራተኛው። ወደ ፊት ካዞርሽው ተራው 1፣ 4፣ 3፣ 2 ስለሆነ ይምታታብሻል። ሦስተኛውን በተለይ ሁለት ጊዜ ለኪው። ከላዩ የዘይት ማቀዝቀዣው ተቀምጦ ንፋሱን ስለሚከለክልበት ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። የቫልቩ ክፍተት ከጠበበ መጀመሪያ የሚቃጠለው የእሱ ነው።

ወለሉን ግን በያጅ ይሥራው። ማግኔት ያዢና ወለሉን ሁሉ ዳስሺው። ላሜራ ከሆነ ይይዛል፣ ስቱኮ ከሆነ ይወድቃል። የማይይዝበትን በጠመኔ አክብቢ፤ ጠመኔ አታጪም። በያጁ ሲመጣ ያንን አሳይተሽ በዚያ ልክ ዋጋ ተነጋገሪ። ሲሠራ አጠገቡ ቁሚ፤ ቀለም ሳይቀባ በፊት ደግሞ በማግኔትሽ ድገሚው። ከብየዳ በፊት ባትሪውም የቤንዚን ታንከሩም ከመኪናዋ ይውጡ።

ከአሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ እዚህ ቨርጂኒያ ጎማ ቤት ነው የምሠራው። እኔም የ1971 ቮልስ አለችኝ። ጋሼ ያሉትን ሁሉ እፈርማለሁ። እኔ ስለ ፍሬኑ ብቻ ልጨምር።

ፔዳሉ እስከ ወለል ከገባ የሚያፈሰው አንድ ቦታ ብቻ ላይሆን ይችላል። አራቱንም ጎማ ክፈቺ። የፍሬን ቱቦዎቹ ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ አብጠው ይዘጋሉ፤ ፍሬኑ ይይዝና አይለቅም። ስለዚህ መልካቸውን አይተሽ አትመኛቸው፤ ሁሉንም ቀይሪ። በየጎማው ያሉትን ሲሊንደሮችና ፍሬን ፓምፑን ጨምሪ። እነዚህ ዕቃዎች ቀላል ናቸው፤ ከዚህ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ የሻንጣ ጥግ ይበቃቸዋል። ከመግዛትሽ በፊት የድሮውን ፈትተሽ ፎቶ አንሺና ከአዲሱ ጋር አስተያዪ። ቮልስ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ነገር ስለምትለዋውጥ «ይገጥማል» የሚል ቃል አይበቃም።

የኋላውን ታምቡር (ፍሬኑን የሚሸፍነውን ክብ ብረት) የያዘው ዳዶ 36 ቁጥር ነው፤ በጣም የጠበቀ ነው። መኪናዋ መሬት ላይ እያለች አላዪው። ረጅም ቧንቧ ቁልፉ ላይ ሰክተሽ፣ ሌላ ሰው ፍሬን ወይም ማርሽ ይዞልሽ። ክሪክ ላይ አንጠልጥለሽ በዚያ ጉልበት እንዳትስቢ።

ደግሞ በክሪክ ብቻ ተነስታ ሥሯ እንዳትገቢ። ወፍራም እንጨት ወይም የብረት መቆሚያ ሳይኖር እጅሽም አይግባ። ይህን የምልሽ ጓደኛዬ ክንዱን ስለተሰበረ ነው።

የቀበና ልጅ

እኔ በአንድ ነገር እለያለሁ። ቀለም ይቆይ ማለት ዝገት ይቆይ ማለት አይደለም። ክረምት ሳይገባ የተላጠውን ሁሉ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አውርደሽ ፀረ ዝገት ቀቢው። መልኳ ዥጉርጉር ይሁን። ላሜራው ይተርፋል።

ሌላው ወረቀቱ ነው። ሊብሬው በአባትሽ ስም ከሆነ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልግሻል። አሁኑኑ ጀምሪው፣ ቀን ይወስዳል። የስድስት ዓመት ቦሎም ይጠብቅሻል፤ ለእሱ ከ80 ሺው ላይ ቀንሰሽ አስቀምጪ። ለቆራሌ ግን እንዳትሸጫት። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የምትነሳ አሮጌ መኪና ዋጋ አላት።

የፈረንሳይዋ መምህርት (ከአራት ወር በኋላ)

ጋሼ፣ ወንድሞቼ፣ የደረስኩበትን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ሞተሩ አልያዘም። ዘይቱን ካሳደርኩት በኋላ በሁለተኛው ቀን ዞረ። ወንፊቱ ላይ ጥቁር ዝቃጭ እንጂ ብረት አልነበረም። ቫልቩን ለማስተካከል ሦስት ጠዋት ፈጀብኝ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ አንዱ ቫልቭ ጭራሽ ክፍተት አልነበረውም።

ወለሉን በጠመኔ ሳከብብ አራት ቦታ ወጣ። በያጁ ክቡን ሲያይ «ይህን ማን አሳየሽ?» አለኝ። ሥራውን በሁለት ቀን ጨረሰ። ከመክፈሌ በፊት በማግኔቱ ዞርኩበት፤ ሁሉም ያዘ። ፍሬኑ ከገንዘቡ ሲሶውን በላ። የኋላ ሲሊንደሮቹን ሶማሌ ተራ አገኘኋቸው፤ ቱቦዎቹን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ይዞልኝ መጣ።

የፍሬኑን አየር ያወጣነው ከእናቴ ጋር ነው። እሷ የአባቴ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላ በቀኝ በኩል ካለው ጎማ ሥር ጠርሙስና ቀጭን ቱቦ ይዤ ተኛሁ። «እርገጪ» እላለሁ፣ ትረግጣለች። «ያዢው» እላለሁ፣ ብሎኗን ከፍቼ እዘጋለሁ። «ልቀቂ።» መጀመሪያ ቱቦው ውስጥ አረፋ ብቻ ነበር። ከዚያ አረፋው እየሳሳ ሄደ። አራተኛው ጎማ ላይ ስንደርስ እናቴ ሳልጠይቃት «አሁን ጠንክሯል፣ እንደ ድሮው ነው» አለች። እኔን ልትወልድ በዚህች መኪና ነው ሆስፒታል የሄደችው። ከወንበሩ ቶሎ አልተነሳችም። እኔም አልጠራኋትም።

ባለፈው እሑድ ተነሳች። መጀመሪያ ጭስ ሞላን፣ ከዚያ ጠራ። ግቢ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነዳኋት፤ ፍሬኗ ይይዛል። ወደ መንገድ አላወጣኋትም። የወራሽነቱ ወረቀት ወጥቷል፤ ቦሎው ይቀራል። ዥጉርጉር ናት፣ የቀበና ልጅ እንዳልከው። የቀረኝ 9 ሺህ ብር ነው።

አንድ ነገር አሳስቦኛል። ሞተሩ እየሠራ ቀዩ የዲናሞ መብራት ጨርሶ አይጠፋም። ጋዝ ስሰጣት ደብዘዝ ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ልንዳት ወይስ ላቁማት?

ጡረተኛው መካኒክ

አቁሚያት ልጄ። መብራቱ የማይጠፋው የዲናሞው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ላልታ ሊሆን ይችላል። ያቺ ቺንጋ ዲናሞውን ብቻ አይደለም የምታዞረው፤ ሞተሩን የሚያበርደውንም ፋን ነው። ካላዞረች ሞተርሽ ይጋገራል።

ሞተሩን አጥፊና ቺንጋዋን መሐል ላይ በአውራ ጣትሽ ተጫኛት። አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው መግባት ያለባት። ከዚያ በላይ ከገባች የዲናሞውን ፑሌጃ (ቺንጋዋ የምትጠመጠምበትን መዘውር) ፍቺ። በሁለቱ ክፋዮች መሐል ቀጫጭን ቀለበቶች አሉ። አንዱን ከመሐል አውጪና ከውጭ በኩል ዳዶው ሥር መልሰሽ እሰሪው፤ አትጣይው። ቺንጋዋ ትጠብቃለች። ጠብቃም መብራቱ ካልጠፋ የዲናሞው ካርቦን አልቆ ይሆናል። ርካሽ ነው፤ 9 ሺህሽን አይነካውም። ካርቦኑን ከማዘዝሽ በፊት ፎቶውን ላኪልኝ።