የሰው ፊት አረንጓዴ እየመታ ይወጣል፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ጅማ ሒርማታ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። የማትመው በባለ 6 ቀለም ፕሪንተር ነው፤ ካርትሪጁን (የቀለም መያዣውን) በስሪንጅ እየሞላሁ እጠቀማለሁ።

ማጀንታውን (ሮዝማ ቀዩን ቀለም) ከሞላሁ ወዲህ ፎቶው ሁሉ ወደ አረንጓዴ አደላ። ኖዝል ቼክ (የቀለም መርጫ ቀዳዳዎቹን የሚፈትሽ ሕትመት) ሳደርግ የሌሎቹ ቀለሞች መስመር ሙሉ ነው፤ የማጀንታው ግን ተቆራርጦ ይወጣል። ሄድ ክሊኒንግ (ቀለም የሚረጨውን የፕሪንተሩን ክፍል፣ ሄዱን፣ ማጽዳት) ሲደረግለት ይስተካከላል። ጥቂት ፎቶ እንዳተምኩ ተመልሶ ይጠፋል። አሁን ማጽዳቱን ትቻለሁ፤ ቀለም ይጨርሳል፣ የቆሻሻ ቀለም መምጠጫውንም ይሞላል።

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሄዱ በደረቀ ቀለም ተደፍኖ ቢሆን፣ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበር? እኔ የጠረጠርኩት ካርትሪጁን ነው። አየር ይዞ ይሆን? ወይስ የላይኛው መተንፈሻ ቀዳዳ ተዘግቶ ቀለሙ መውረድ አቃተው? ቀለሙ ዳይ (ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ ቀለም) ነው፤ ፒግመንት (ደቃቅ ብናኝ ያለው ቀለም) አልተቀላቀለበትም።

አየሩን በታችኛው መውጫ በኩል በስሪንጅ ስቤ ባወጣው ውስጡ ያለው ስፖንጅ ይጎዳል? የሞከራችሁ ካላችሁ አካሄዱን በደንብ አስረዱኝ። የሠርግ ፎቶ የሚጠብቁ ደንበኞች አሉኝ። ዕድሜ ልክ የሚቀመጥ ፎቶ በተበላሸ ቀለም አትሜ መስጠት አልፈልግም። እዚሁ ጅማ ሄድ ፈትቶ የሚያጸዳ ጎበዝ ባለሙያ የምታውቁም ጠቁሙኝ፤ ፕሪንተሩን ይዤ እመጣለሁ።