የፍሬን መብራት ፊውዝ እየተቃጠለ አስቸገረኝ፣ 20 አምፔር ልክተትበት?

ባለመኪናው
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የፍሬን መብራት ፊውዝ እያቃጠለ አስመረረኝ። ቦታው ላይ 10 አምፔር ይላል፣ ቀዩ ማለት ነው። አዲስ ስከትበት ትንሽ ይሠራና ድንገት ይሄዳል። መኪናው አውቶማቲክ ስለሆነ ፊውዙ ሲሄድ ማርሹም ከፒ (ከፓርኪንግ) አልወጣም ብሎ ድርቅ ይላል። አምፖሎቹን ቀይሬያለሁ፣ ለውጥ የለም። አንድ ጓደኛዬ «20 ክተትበትና ተገላገል» አለኝ። ትርፍ ቢጫ 20 እጄ ላይ አለ። ልክተት ወይስ ጣጣ አለው?

የጋራዥ ልጅ
ኧረ እንዳትሞክረው! ፊውዝ የሚቀመጠው በዋናነት ሽቦውን ለመጠበቅ ነው፣ አምፖሉን አይደለም። እስቲ ሒሳቡን እየው። የፍሬን አምፖል ብዙውን ጊዜ 21 ዋት ነው። ሁለቱ 42 ዋት፣ ለ12 ቮልት ሲካፈል 3.5 አምፔር። ላይኛውን ሦስተኛ መብራት ብትጨምርበት እንኳ 10 አይሞላም። ስለዚህ ፊውዙ አላነሰም፣ የሆነ ቦታ ሽቦው ተልጦ ከቦዲው ጋር እየተነካካ ሾርት እያደረገ ነው። 20 ብትከትበት ሾርቱ እዚያው ነው፣ አሁን ግን ከፊውዙ ቀድሞ የሚግለው ሽቦው ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ከሌሎች ሽቦዎች ጋር ታስሮ ምንጣፍና ፕላስቲክ ስር ስለሆነ ሽታው አፍንጫህ ጋ እስኪደርስ ነገሩ ያለቀለት ነው።

የተቃጠለውን ፊውዝ ወደ ብርሃን አድርገህ እየው። ቀጭኑ ብረት መሃሉ ላይ ብቻ ቀልጦ ከተበጠሰ ጭነት በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ውስጡ ጠቁሮ ብረቱ ብን ብሎ ከጠፋ ሾርት ነው። ደግሞስ መቼ መቼ ነው የሚሄደው?

ባለመኪናው
ጥቁር ብሏል። መቼ ላልከው አሁን ሳስበው የኋላውን በር ከፍቼ ዕቃ ከጫንኩ በኋላ ነው የሚብሰው። ወደ ላይ የሚከፈት በር ነው።

ቀጭን ሽቦ
በቃ፣ እጅ ከፍንጅ ተይዟል። በሩ ማጠፊያ አጠገብ ከቦዲው ወደ በሩ የሚሻገር የተሸበሸበ የላስቲክ ቱቦ አለ፣ ሽቦዎቹ በእሱ ውስጥ ነው የሚያልፉት። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እዚያ ይታጠፋሉ። ከዓመታት በኋላ ልባሱ ይሰነጠቃል፣ መዳቡ ይወጣል። ላስቲኩን ከአንድ ጫፍ በጣትህ ነቅለህ ወደ ኋላ ሰብስበው። የተላጠ፣ አረንጓዴ ዝገት የያዘ ወይም በክር የተንጠለጠለ ሽቦ ታገኛለህ ብዬ እገምታለሁ።

እርግጠኛ መሆን ከፈለግህ ፊውዝ አታባክን። አንድ 21 ዋት አምፖል በሁለት ሽቦ አበጅተህ በፊውዙ ቦታ ሰካው። ሾርት ቢኖርም አምፖሉ ከ2 አምፔር በታች ነው የሚያሳልፈው፣ ምንም አይቀልጥም። መጀመሪያ የፍሬን አምፖሎቹን ሁሉ ከሶኬታቸው አውጣ፣ አለበለዚያ በእነሱ በኩል ደብዘዝ ብሎ እየበራ ያወናብድሃል። ከዚያ ፔዳሉን ሳትረግጥ ቦግ ካለ ሾርቱ ከፔዳሉ ስዊች በፊት ነው። ስትረግጥ ብቻ ቦግ ካለ ከስዊቹ ወዲያ ነው። ሰው ፔዳሉን ይርገጥልህና አንተ በሩን ቀስ እያልክ ክፈት ዝጋ፣ አምፖሉ ብልጭ ድርግም የሚልበትን ቦታ ታየዋለህ።

ባለመኪናው
ላስቲኩን ነቀልኩት። አንዱ ሽቦ ተልጧል፣ ሁለት ሌሎች ደግሞ ልባሳቸው ተሰነጣጥቋል። ጠምዝዤ በናስትሮ ልጠቅልለው?

የጋራዥ ልጅ
ናስትሮ እዚያ ቦታ አይበረክትም፣ ሙጫው ሲሞቅ ይለቃል። መጀመሪያ ባትሪውን ፍታ። ኔጌቲቩን አስቀድም፣ ስትመልስ ደግሞ እሱን መጨረሻ። ፖዘቲቩን ቀድመህ ስትፈታ መፍቻው ቦዲ ከነካ በመፍቻው በኩል የሚያልፈው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ነው፣ ባትሪው ደግሞ ሃይድሮጂን ስለሚተነፍስ አጠገቡ ብልጭታ አይወደድም። ቀለበትና የብረት ሰዓትም አውልቅ። የሬዲዮህ ኮድ ካለው አስቀድመህ ፈልገህ ያዝ፣ ኋላ እንዳትለፋ።

ሽቦውን መጠገን ከሆነ የተጎዳውን ክፍል በሙሉ ቆርጠህ ጣለው። ውፍረቱ ያው የሆነ፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ተጣጣፊ ሽቦ ተካበት። መገጣጠሚያውን ከላስቲኩ ውጪ፣ በማይታጠፈው በኩል አድርገው። የሦስቱንም መገጣጠሚያ አንድ ቦታ አትደርድር፣ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ አድርግ፣ ያለዚያ አንድ ትልቅ እብጠት ይሆንና ላስቲኩ አልገባ ይልሃል። በሊድ በይደህ በሚጨማደድ ላስቲክ ከሸፈንከው ዕድሜ ልክ ነው።

ቀጭን ሽቦ
በሊዱ አልስማማም። ሊድ በክሮቹ መሃል እየሰረገ ገብቶ ሽቦውን እንደ እንጨት ያደርቀዋል፣ ከዚያ በንዝረት የሚበጠሰው ልክ ሊዱ ያለቀበት ጫፍ ላይ ነው። ለበር ሽቦ በትክክለኛው መጭመቂያ ፒንሳ የሚጨመቅ ማያያዣ ይሻላል፣ በላዩ ውስጡ ሙጫ ያለው የሚጨማደድ ላስቲክ። ጨምቀህ ስትጨርስ በእጅህ ጎተት አድርገው፣ ከወጣ አልያዘም።

የጋራዥ ልጅ
ከማይታጠፈው በኩል ካደረገው ሊዱም ችግር የለውም ባይ ነኝ፣ ግን ጥሩ መጭመቂያ ካለህ የእሱን አድርግ።

እናት ሞተር
አንድ ነገር ልጨምር። የጣሪያውን ጠርዝ ፕላስቲክ ስትነቅል ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ሽቦ ካየህ አትንካው፣ በአምፖልም በኦም ሜትርም አትፈትሸው። የኤርባግ ነው፣ በብዙ መኪና በጎን መስኮቶቹ ላይ እንደ መጋረጃ የሚወርደው ኤርባግ በዚያ በኩል ያልፋል። ባትሪ ከፈታህ በኋላም የመኪናው ማኑዋል የሚለውን ያህል ደቂቃ ጠብቅ፣ ሲስተሙ ለተወሰነ ጊዜ ኃይል ይይዛል። መኪናህ ሃይብሪድ ከሆነ ደግሞ ብርቱካናማ ሽቦ ባለበት እጅህን አታስገባ፣ ያ ለሠለጠነ ሰው ነው።

ባለመኪናው
ሃይብሪድ አይደለም። ሽቦዎቹን በመጭመቂያ ቀጥዬ ቀዩን 10 መልሼበታለሁ፣ በሩን ደጋግሜ ከፍቼ ዘጋሁት፣ እስካሁን አልሄደም። ማርሹም ከፒ ይወጣል። ቢጫውን 20 ለጓደኛዬ መልሼለታለሁ 😄