ጥቆማ፦ ለምን እንደተሠሩ ግራ የሚያጋቡ መኪኖችና በምትካቸው የምጠቁማቸው

«የትኛውን መኪና ልግዛ?» ለሚል ሰው ጥሩ ጥሩዎቹን መጥቀስ ቀላል ነው። ከባዱ «ይሄንንስ ተወው» ማለት ነው፤ የገዛው መኪና ሲነቀፍ ደስ የሚለው ሰው የለም። ቢሆንም ክርክሩ መነሳት አለበት ባይ ነኝ፤ የረባ ሥራ የሌላቸው የሚመስሉ ሞዴሎች በየጊዜው ይወጣሉ፣ ሰውም ብዙ ገንዘብ ያፈስባቸዋል። ክርክሩ የሚበላሸው አስቀያሚው፣ ትንሹ ወይም ለእኛ ኑሮ የማይሆነው ሁሉ «ጥቅም የለሽ» ሲባል ነው። የኔ መለኪያ ሌላ ነው። ዛሬ አብዛኛው መኪና ለብቻው አይሠራም፤ በአንድ መሠረት ላይ ሁለት ሦስት ሞዴል ይወጣል። ወንድሙን አጠገቡ አቁሙና ጠይቁ፦ ይሄኛው ከወንድሙ ምን አጣ? ባጣው ፈንታስ ምን አገኘ? ያገኘው ዋጋና ስም ብቻ ከሆነ እኔ ለማንም አልጠቁመውም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በዚህ መለኪያ መጀመሪያ የሚወድቀው ቢኤምደብሊው ኤክስ 6 ነው። በ2008 የወጣው በኤክስ 5 መሠረት ላይ ተሠርቶ ነው፤ ልዩነቱ ጣሪያው እንደ ስፖርት መኪና ወደ ኋላ ተዳፍቶ መውረዱ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ሲወጣ ከኋላ የሁለት ሰው መቀመጫ ብቻ ነበረው። ያን የሚያህል ግዙፍ መኪና ለአራት ሰው! በ2019 አካባቢ በወጡት ትውልዶች እንኳ ብናወዳድር የኤክስ 5 ዕቃ መጫኛ 650 ሊትር ሲሆን የኤክስ 6 580 ነው፤ የኋላ ወንበሮች ሲታጠፉ ደግሞ ኤክስ 5 1,870፣ ኤክስ 6 1,530 ሊትር ይይዛል። ቁጥሩ ጉዳቱን ሁሉ አይናገርም። የሚያናድደው ወለሉ ላይ ሰፊ ቦታ እያለ ቁመት ያለው ዕቃ ሲገባ፣ የልጅ ጋሪም ይሁን ማቀዝቀዣ፣ የተዳፋው መስታወት ነክቶት በሩ አልዘጋ ማለቱ ነው። ወደ ኋላ ሲታይም ከመስታወቱ የሚተርፈው ቀጭን ክፍተት ነው። ኤክስ 5 ሦስተኛ ረድፍ ወንበር ሊገጠምለት ይችላል፤ ኤክስ 6 ግን አይችልም። ታዲያ ምን አገኘ? መልክ። መልክም ምክንያት ነው የሚል ካለ አልከራከረውም፤ ገበያው ከእሱ ጋር ነው። የራሱ የቢኤምደብሊው ኤክስ 4 በ2014፣ የመርሴዲሱ ጂኤልኢ ኩፔ በ2015 የተከተሉት በዚሁ ቅርጽ ነው። (ይህንን ቅርጽ ኮሪያዊው ሳንግዮንግ በ2005 በአክትዮን አስቀድሞ አሳይቶት ነበር፤ ያኔ ያሞገሰው ሰው ግን ጥቂት ነው።) ለቤተሰብ፣ ለዕቃ፣ ለረጅም መንገድ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ግን መልሴ ያለማመንታት ኤክስ 5 ነው።

ጣሪያው የሚከፈት ኤስዩቪ (እንደ ኤክስ 5 ያለ ከፍ ያለ መኪና) ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ኒሳን ሙራኖ ክሮስካብሪዮሌት ከ2011 እስከ 2014 ተሸጠ፤ ሬንጅ ሮቨርም በ2016 ኢቮክን ጣሪያውን አንስቶ አመጣው። ችግሩ የቅንጦት መሆናቸው አይደለም። በእነዚህ መኪኖች ጣሪያው ከዝናብ መከለያነት አልፎ አካሉን አጥብቆ የሚይዝ አጥንት ነው። ሲቆረጥ አካሉ በመጠምዘዣና በጉድጓድ ላይ መጣመም ይጀምራል፤ ያንን ለመከላከል ወለሉና የበሮቹ ሥር በተጨማሪ ብረት ይጠናከራል። ስለዚህ ጣሪያ የቀነሰው መኪና ጣሪያ ካለው ወንድሙ ይከብዳል። የኋላ በሮቹ ይጠፋሉ፣ ጨርቁ የሚታጠፍበት ቦታ ዕቃ መጫኛውን ይበላል፤ በኢቮኩ የቀረው 251 ሊትር ነው። ኤስዩቪ የሚገዛበት ምክንያት ሁሉ ተነጠቀ ማለት ነው። ሰማይ እያየ መንዳት የሚፈልግ ሰው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ይግዛ፤ ከ1989 ጀምሮ ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ፣ ቀላልና ዝቅ ያለ ባለ ሁለት ሰው መኪና ነው። ከፍታውንም ጣሪያ መክፈቱንም ለሚሻ ጂፕ ራንግለር አለ። ራንግለር ሸክሙን የሚይዘው ከሥሩ ያለው ሻንሲ በመሆኑ ጣሪያውም በሮቹም ቢወልቁ ጥንካሬው አይናጋም። ራንግለርና ጣሪያው የተነሳው ኢቮክ ከውጭ ሲታዩ ተመሳሳይ ነገር የሚያደርጉ ቢመስሉም አንዱ ከመጀመሪያው ታስቦበት የተሠራ ነው፣ ሌላው በኋላ የተቆረጠ።

ፒክአፕ ላይ ስንመጣ ሊንከን ብላክዉድን የሚያህል ምሳሌ አላውቅም። የ2002 ሞዴል ነው፤ በፎርድ ኤፍ-150 መሠረት ላይ የተሠራ። ካሶኒውን ስትከፍቱ የምታዩት ወለሉ ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ፣ ግድግዳው ላይ የሚያብረቀርቅ ብረት፣ ከላይ በኤሌክትሪክ የሚነሳ ክዳን ነው። አሸዋ አይጫንበትም፤ ምንጣፉ አለ። ረጅም ዕቃም አይቆምበትም፤ ክዳኑ አለ። የሚነዳውም በኋላ እግሩ ብቻ ስለነበር ጭቃ ውስጥ አቅም የለውም። በአሜሪካ ገበያ ከአንድ የሞዴል ዓመት አላለፈም። ሼቭሮሌት ኤስኤስአርም (ከ2003 እስከ 2006) ባለ ሁለት ሰው፣ ጣሪያው የሚታጠፍ፣ ካሶኒው የተሸፈነ ፒክአፕ ነበር። ጭነት ያለው ሰው ኤፍ-150ውን ራሱን ቢገዛ ካሶኒውን በፈለገው ጊዜ አጥቦ፣ በፈለገው ጊዜ ሸፍኖ ይጠቀምበታል።

መርሴዲስ ኤክስ-ክላስ (ከ2017 እስከ 2020) ላይ ግን ፍርዴ ይለዝባል። ኒሳን ናቫራ ነው ተብሎ ተንቋል፤ መሠረቱም እውነት ናቫራ ነው። ይሁንና ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ናፍጣ የመርሴዲስ የራሱ ሞተር ስለሆነ እሱን የገዛ ሰው ናቫራ ውስጥ የማያገኘውን ነገር አግኝቷል። ባለ አራት ሲሊንደሩን መግዛት ነው ለእኔ ትርጉም የማይሰጠው፤ ሞተሩ እንኳ የመርሴዲስ አልነበረም። እሱን ለሚያስብ ሰው ናቫራን እጠቁማለሁ።

ሆንዳ ሲአር-ዚን ብዙዎች ይወዱታል፤ እኔ አልጠቁመውም። ከ2010 እስከ 2016 የተሠራ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሠራ) ስፖርት መኪና ነው፦ ለስፖርት መኪና ጉልበት ያነሰው፣ ለነዳጅ ቆጣቢ ደግሞ ቦታ ያነሰው። በአንዳንድ ገበያ የኋላ ወንበር ጭራሽ አልነበረውም። ከዚያው ፋብሪካ የሚወጣው ፊት (በሌላ ስሙ ጃዝ) የነዳጅ ታንከሩ ከፊት ወንበሮች ሥር በመቀመጡ የኋላውን መቀመጫ ወደ ላይ አጥፋችሁ ቁመት ያለው ዕቃ ቀጥ አድርጋችሁ ታቆሙበታላችሁ። በትንሽ መኪና ላይ ከዚህ የበለጠ ብልሃት አላየሁም።

አንዳንዱ ሞዴል ደግሞ ከሕግ የተወለደ ነው። አስተን ማርቲን ሲግኔት (ከ2011 እስከ 2013) ከሦስት ሜትር የማይሞላው ቶዮታ አይኪው በቆዳና በአዲስ አፍንጫ የተሸፈነ ነው። ትልልቅ ሞተር ብቻ የሚሠራ ኩባንያ በአውሮፓ የልቀት ሕግ ምክንያት የመኪኖቹን አማካይ የጭስ ልቀት ለማውረድ ትንሽ መኪና አስፈልጎት ነበር። ለኩባንያው ጥቅም ነበረው፤ ለገዢው ግን አይኪው ራሱ እጅግ ባነሰ ዋጋ እዚያው ነበረ። ሱባሩ ብራት በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲወጣ ካሶኒው ላይ ወደ ኋላ የዞሩ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ተተክለውበት ነበር። ያያቸው ሰው ምን ነክቷቸው ነው ሳይል አይቀርም። ምክንያቱ ቀረጥ ነው፦ አሜሪካ ከ1964 ጀምሮ ከውጭ በሚገባ ፒክአፕ ላይ 25 በመቶ ትጥላለች፤ ነገሩ የጀመረው አውሮፓ በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ በመጣሏ ነበር። ወንበር ሲኖረው ግን የሰው መኪና ተብሎ እጅግ ባነሰ ቀረጥ ያልፍ ነበር። እነዚያ ወንበሮች የተሠሩት ለጉምሩክ እንጂ ለተሳፋሪ አይደለም፤ መኪናው ግን ጠንካራ ባለ ፎር ዊል ስለነበር ያለ ወንበሮቹም ያገለግላል።

ያለ ጥፋታቸው የሚሰደቡም አሉ፤ ስለነሱ ዝም ማለት አልችልም። ፊያት ሙልቲፕላ መልኩ አይማርክም፣ እሺ። ግን በ1998 የወጣው ይህ መኪና አራት ሜትር በማይሞላ ርዝመት ሦስት ሰው ከፊት፣ ሦስት ሰው ከኋላ ያስቀምጣል። መሠረቱን የሚጋራው ፊያት ብራቮ በትንሹ እየረዘመ የሚይዘው አምስት ሰው ነው። የፊተኛው መካከለኛ ወንበር ጀርባው ሲታጠፍ ጠረጴዛ ይሆናል። ይሄ ጥቅም የለሽ ከተባለ የትኛው ሊጠቅም ነው? ፖንቲያክ አዝቴክም (ከ2001 እስከ 2005) በመልኩ መሳለቂያ ሆነ እንጂ ከኋላው የሚገጠም ድንኳን፣ በፊት ወንበሮች መሃል ተነቅሎ የሚወጣ የማቀዝቀዣ ሳጥን ነበረው። ባለ ሦስት በሩ ሱዙኪ ጂምኒ የኋላ ወንበሩ ሳይታጠፍ የሚይዘው ዕቃ 85 ሊትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሻንሲውና ከባዱ ማርሽ ትልልቆቹ የማይገቡበት መንገድ ያስገቡታል። ብቻውን ወይም ሁለት ሆኖ ለሚጓዝ ሰው ከልቤ እጠቁመዋለሁ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን እነዚህ ብርቅ ብርቅ ሞዴሎች አይደሉም። ብዙ ሰው የሚገዛቸው፣ በፊት እግር ብቻ የሚነዱ ትንንሽ ክሮስኦቨሮች (በተራ መኪና መሠረት ላይ ተሠርተው ኤስዩቪ የሚመስሉ) ናቸው። በ2016 የወጣውን ቶዮታ ሲ-ኤችአር ተመልከቱ። የኋላ በሩ እጀታ ቅርጹን ላለማበላሸት ሲባል ከመስታወቱ ጎን፣ ጣሪያው አጠገብ ተሰቅሏል፤ ትንሽ ልጅ ራሱ በሩን ሊከፍት ቢፈልግ አይደርስበትም። ውስጥ ገብታችሁ ከኋላ ስትቀመጡ መስታወቱ ጠባብ ስለሆነ ጭለማ ነው፣ ልጁ ተቀምጦ የሚያየው የበሩን ፕላስቲክ ነው። ዕቃ መጫኛው 377 ሊትር። ከዚያው መሠረት ላይ የሚወጣው ኮሮላ ስቴሽን ዋገን (ጣሪያው እስከ ኋላ የረዘመው) በ1.8 ሊትሩ ሃይብሪድ ሞተር 598 ሊትር ዕቃ ይይዛል። ሞተሩ ያው፣ አስተማማኝነቱ ያው። ከፍ ብሎ መቀመጥ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ወላጆቻችሁን የምታመላልሱ ከሆነ ክሮስኦቨር መምረጣችሁ ትክክል ነው፣ የኋላ በሩ ሰፊ የሆነውን ብቻ ፈልጉ። ያ ምክንያት ከሌለ ስቴሽን ዋገኑን ውሰዱ። ከመግዛታችሁ በፊትም መሪውን ከመጨበጣችሁ አስቀድሞ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚጋብዛችሁ ወደ ፊቱ ነው።

ስለ ጂኤምሲ ሃመር ኤሌክትሪክ አጭር ላድርገው፦ ከአራት ቶን በላይ ይመዝናል፤ ባትሪው ብቻ 1.3 ቶን ያህላል፣ ማለትም ከአንድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ይከብዳል። ኃይል ለመቆጠብ ያሰበ ሰው የሚገዛው አይደለም።

ብዙ ጊዜ የምከራከርበት የመጨረሻው መርሴዲስ አር-ክላስ ነው። በ2005 ሲወጣ ቫን ነው፣ ስቴሽን ዋገን ነው፣ ኤስዩቪ ነው እየተባለ ማንም ቦታ ሳይሰጠው ቀረ። ከ500 የፈረስ ጉልበት በላይ የነበረው ኤኤምጂ (የመርሴዲስ የስፖርት ዓይነት) ስሙን የባሰ አበላሸው፤ የቤተሰብ መኪና ላይ 6.2 ሊትር ሞተር ማን ጠየቀ? ተራው አር-ክላስ ግን በሦስተኛው ረድፍ ትልቅ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበት ነው፤ ይህን ደግሞ ዛሬም ባለ ሰባት ሰው ነን ከሚሉት ኤስዩቪዎች ብዙዎቹ አይሰጡም። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ናፍጣውን ምረጡ፤ በሞላ ፈንታ በአየር የሚቆመው ዓይነት ከሆነ ሌሊቱን አሳድራችሁት ጠዋት ከአንዱ ጎን ዝቅ ብሎ እንዳልተገኘ አረጋግጡ።