እህቴ ሦስት ሌሊት አልተኛችም፤ የመገጣጠሚያ በሽታ አለባት፣ ምን ላድርግ?

ቤቲ ሽሮሜዳ፦ የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ታላቅ እህቴ ሩማቶይድ የሚሉት የመገጣጠሚያ ሕመም አለባት። ሦስት ሌሊት አልተኛችም። ቁጭ ብላ ታለቅሳለች፣ ከዛ ተነስታ ቤቱን ትዞራለች፣ ልቤ ይመታል ትላለች። ትናንት ጀበናው ከእጇ አመለጣትና ተሰበረ። ስባሪውን እያየች «ከእንግዲህ ለምንም አልጠቅምም» አለችኝ። እሷ እኮ የሰፈሩን ሰርግ ወጥ የምትሠራ ሴት ናት! መድኃኒቷንም ትወስዳለች።

አባ መላ፦ ሪህ ነው። ሥጋ አስቁሚያት። እኔም እሱን ትቼ ነው የተሻለኝ።

የፋርማሲው ልጅ፦ የትኛውን መድኃኒት? ስንት ፍሬ? በስንት ሰዓት? ዋናውን ዘለልሽው እኮ። እብጠት የሚቀንሰው ፕሬድኒሶሎን አለበት?

ቀልዱ ይቅር፦ አባ መላ፣ ሥጋማ በዚህ ዋጋ ሁላችንም አቁመናል፣ መቼ ተሻለን?

ሲስተር ማታ ፈረቃ፦ አባ መላ፣ የእርስዎ ሪህ ሌላ ነው። እሱ ከዩሪክ አሲድ የሚመጣ ነው፣ ብዙ ጊዜ የእግር አውራ ጣት ላይ ይጀምራል። ሩማቶይድ ግን የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ ነው። ያ ብግነት፣ ማለትም እብጠቱና መቃጠሉ፣ ደግሞ ጣት ላይ ብቻ አይቀርም። በደም የሚዞሩት ኬሚካሎች አንጎልንም ይነካሉ። ድካሙ፣ ድብርቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ሁሉ የስንፍና ወይም የእምነት ማነስ ጉዳይ አይደለም።

የማርያም ልጅ፦ ጸበል አስጠምቂያት እህቴ። ግን መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ።

ሐቁን ልናገር፦ ታሞ የማይከፋው ማን አለ? በሽታው ሲለቃት ሐዘኑም ይለቃታል። የአእምሮ ሕመም ብላችሁ ስም አታውጡባት።

ጣቴ ይመስክር፦ እኔ ይኼ በሽታ 9 ዓመቴ ነው። የጣቶቼ እብጠት ጎድሎ፣ የደም ምርመራዬ ተስተካክሎ እንኳ ጨለማው አልለቀቀኝም። የልጄን የልብስ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተኝ ሽንት ቤት ገብቼ ነበር የማለቅሰው። አማኑኤል ሄደች ይሉኛል ብዬ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። መጨረሻ ላይ የነገርኩት እዛው ለመገጣጠሚያ ሐኪሜ ነው። ፍሎክሰቲን የሚባል የድብርት መድኃኒት ጀመርኩ። ከዳይክሎፌናክ ጋር ጨጓራ ሊያደማ ስለሚችል የሕመም ማስታገሻዬን ቀየረልኝ። በአንድ ሳምንት አልሠራም፣ ወር ገደማ ፈጀ።

ቤቲ ሽሮሜዳ፦ ፕሬድኒሶሎን አለ! ባለ 5 ሚሊግራሙ። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ወደ 4 ፍሬ ጨመረላት። ማታ ከእራት በኋላ ነው የምትውጠው። ላቋርጣት?

የፋርማሲው ልጅ፦ ኧረ እንዳታቋርጪ! ሲቆይ ሰውነት ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን መሥራት ይቀንሳል፣ ድንገት ከቆመ አደጋ አለው። ግን ይኼ መድኃኒት እንቅልፍ ይነሳል፣ ያስጨንቃል፣ ያስለቅሳልም። አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ከቁርስ ጋር ነው የሚወሰደው። ዛሬውኑ ለሐኪሟ ደውለሽ ሰዓቱንም መጠኑንም ጠይቂ። ሜቶትሬክሴት የሚባለው የሩማቶይድ መድኃኒት ካላት ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መሆኑን አጣሪ። በየቀኑ የዋጡ ሰዎች አይቻለሁ፣ መርዝ ነው የሚሆነው።

አባ መላ፦ ሥጋውን ግን አስቁሚያት።

ሲስተር ማታ ፈረቃ፦ ቤቲ፣ «ለምንም አልጠቅምም» ያለችውን በዋዛ አትለፊው። መሞት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለሽ በግልጽ ጠይቂያት። መጠየቅሽ ሐሳቡን አይሰጣትም። አዎ ካለች ብቻዋን አትተያት፣ የመድኃኒቱን ከረጢት ከአጠገቧ አንሺ፣ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ቤቲ ሽሮሜዳ፦ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ዝም አለች፣ ከዛ እጄን ያዘችኝ። ታክሲ እየጠራሁ ነው።

ጣቴ ይመስክር፦ ቤቲ፣ ምን አሏችሁ?

ጣቴ ይመስክር፦ ቤቲ?