ክርክር፦ ኦርኬስትራዎች ለተዘነጉ ጥቁር የሙዚቃ ደራሲያን ሆን ብለው ቦታ ሊይዙላቸው ይገባል?

የቀበና ልጅ፦
የአሜሪካና የአውሮፓ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸውን የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲያን ሥራዎች በፕሮግራማቸው ውስጥ አስበውበት እያስገቡ ነው። የቆየ ዕዳ መክፈል ነው የሚል አለ፤ ሙዚቃን በቆዳ ቀለም መመዘን ነው የሚልም አለ። እኔ ይገባል ባይ ነኝ። በአንድ ሰው ታሪክ ልጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጆሴፍ ቦሎኝ፣ በማዕረጉ ሸቫሊዬ ደ ሳን ዦርዥ፣ በ1745 በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በጓድሉፕ ደሴት ተወለደ። አባቱ የእርሻ ባለቤት ነበር፤ እናቱ ናኖን ደግሞ በባርነት የምትኖር ጥቁር ሴት ነበረች። ልጁ ፈረንሳይ አድጎ በሻሞላ ግጥሚያ ስሙ ገነነ፤ በቫዮሊንም ፓሪስን አስደነቀ። የኦስትሪያዊውን ደራሲ የሃይድንን ስድስት የፓሪስ ሲምፎኒዎች ያዘዘው የኮንሰርት ማኅበር ኦርኬስትራ መሪው እርሱ ነበር። ይህ ሰው በ1776 ለፓሪስ ኦፔራ ዳይሬክተርነት ሲታጭ፣ ዝነኛ ዘፋኞችና ተወዛዋዦች ከክልስ ትእዛዝ መቀበል ክብራችንን ይነካል ብለው ለንግሥቲቱ ለማሪ አንቷኔት አቤት አሉ። ሹመቱ ቀረ። ከጻፋቸው ኦፔራዎች ዛሬ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው አንድ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ «ጥቁሩ ሞዛርት» የሚሉት ሰዎች ከሞዛርት 11 ዓመት እንደሚበልጥ የሚያስታውሱ አይመስለኝም።

ተጠራጣሪው፦
መበደሉን ማንም አይክድም። ነገር ግን በደል ሌላ፣ የሙዚቃ ዋጋ ሌላ ነው። መረሳትም የጥቁሮች ብቻ ዕጣ አይደለም። ቪቫልዲ በ1741 ሞተ፤ ከእጅ ጽሑፎቹ ብዙዎቹ የተገኙት በ1926 ጣሊያን ውስጥ ከአንድ የሃይማኖት ተቋም ነው። የባኽ የማቴዎስ ሕማማትም ደራሲው ሜንዴልሶን በ1829 እስኪያነሣው ድረስ ተኝቶ ነበር። ሁለቱም ነጮች ናቸው።

በአንጻሩ ሳሙኤል ኮልሪጅ ቴይለርን እዩ። አባቱ ከሴራሊዮን የመጣ ሐኪም፣ እናቱ እንግሊዛዊት ናቸው። በ1898፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ «የሃያዋታ የሠርግ ድግስ» የተባለ የመዘምራን ሥራ አቀረበ፤ እንግሊዝም አሜሪካም ተቀበሉት። ከ1924 እስከ 1939 በለንደኑ ሮያል አልበርት አዳራሽ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ሲታይ ሕዝቡ አዳራሹን ይሞላው ነበር። ቀለሙ አላገደውም። ከጦርነቱ በኋላ ሰው ሌላ ዓይነት ሙዚቃ ወደደ፣ አለቀ። ኮታ የሚባል ነገር ሲመጣ አድማጩ ከሥራው ይልቅ ፎቶግራፉን ማየት ይጀምራል፤ ይህ ደግሞ ለደራሲው ራሱ ስድብ ነው።

ባለ ቫዮሊን፦
ወንድሜ ተጠራጣሪው፣ ቪቫልዲን ማንሣትህ የእኔን ወገን ይረዳል። ጊዜ ፍትሐዊ ዳኛ ከሆነ ቪቫልዲ ላይ ከ180 ዓመት በላይ ፈርዶበት ነበር ማለት ነው። ፍርዱ የተሻረው የእጅ ጽሑፉ ስለተገኘ፣ ገዝቶ ለቤተ መጻሕፍት የሚሰጥ ባለጸጋ ስለተገኘና ኖታው ስለታተመ ነው። እንግዲህ ስለ ወረቀት እናውራ።

እኔ በአንድ የበጎ ፈቃደኞች ኦርኬስትራ ውስጥ ሁለተኛ ቫዮሊን እጫወታለሁ። የዓመቱ ፕሮግራም ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሥራው ጥሩ ነው ወይ?» አይደለም፤ «የየመሣሪያው ኖታ አለ ወይ? ኪራዩስ ስንት ነው?» ነው። ለቤትሆቨን ሲምፎኒ ኖታው መደርደሪያችን ላይ አለ፤ ያለፉት ተጫዋቾች የጻፉበት የቀስት ምልክት እንኳ ሳይጠፋ። በደራሲው እጅ ብቻ ተጽፎ የቀረ ሲምፎኒ ከሆነ ግን አንድ ሰው ወራት ፈጅቶ ማንበብ፣ ስህተቱን ማረም፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ለይቶ መገልበጥ አለበት። ያንን ማን ይከፍላል? ስለዚህ ያልታተመ ሥራ አይመረጥም፤ ያልተመረጠ ሥራ አይታተምም።

ፍሎረንስ ፕራይስ የዚህ ነገር ሙሉ ምሳሌ ናት። በ1887 በአርካንሶ ግዛት በሊትል ሮክ ተወለደች። የመጀመሪያ ሲምፎኒዋ በ1932 ለጥቁር ደራሲያን የሚሰጠውን የዋናሜከርን ሽልማት አገኘ፤ በሰኔ 1933 የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ተጫወተው። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት የጻፈችውን ሲምፎኒ ትልቅ ኦርኬስትራ ሲጫወት ያ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያስ? በ1943 ለቦስተን ሲምፎኒ መሪ ለኩሴቪትስኪ ስትጽፍ ሁለት እንቅፋቶች እንዳሉባት፣ እነርሱም ሴትነቷና ዘሯ እንደሆኑ በግልጽ አስቀመጠች። ሥራዋን አልተጫወተላትም። በ1953 ሞተች። በ2009 ከቺካጎ በስተ ደቡብ በሴንት አን፣ ሰው በተወው አንድ ቤት ውስጥ፣ ቤቱን ሊያድሱ የገዙ ሰዎች ክምር ወረቀት አገኙ፤ ሁለት የቫዮሊን ኮንቸርቶዎችና አራተኛው ሲምፎኒ ከውስጡ ወጡ። ጣሪያው ጥቂት ዓመት ቀድሞ ቢደረመስ ኖሮ ዛሬ «አራተኛ ሲምፎኒ የላትም» እንል ነበር።

አድማጭ ከሽቱትጋርት፦
ቤትሆቨን ራሱ ጥቁር ነበር ሲባልስ ሰምታችኋል? እዚህ ጀርመን ይህን የሚያነሡ ወጣቶች አጋጥመውኛል።

የቀበና ልጅ፦
ሰምተናል፤ አሳማኝ ማስረጃ ግን የለውም። ተጠራጣሪው እንዲስቅብን ካልፈለግን እንተወው። በሰነድ የተረጋገጠው አይበቃም እንዴ? ቤትሆቨን ዘጠነኛውን የቫዮሊን ሶናታ በግንቦት 1803 ቪየና ላይ አብሮት የተጫወተው ጆርጅ ብሪጅታወር፣ የአፍሪካ ዝርያ ያለው ቫዮሊኒስት ነበር። ሶናታውም የተጻፈው ለእርሱ ነው። ኋላ ተጣሉና ቤትሆቨን መታሰቢያነቱን ለፈረንሳዊው ቫዮሊኒስት ለክሮይትዘር አዞረው። ዓለም እስከ ዛሬ «የክሮይትዘር ሶናታ» ይለዋል፤ ክሮይትዘር ግን በአደባባይ ተጫውቶት አያውቅም ይባላል።

እመቤት የመዘምራኗ፦
ወደ ኮልሪጅ ቴይለር ልመልሳችሁ፤ ተጠራጣሪው ግማሹን ነውና የነገረን። ያ አዳራሽ የሞላው ሥራ ለደራሲው ምን አስገኘለት? ለአሳታሚው በ15 ጊኒ (የያኔ የእንግሊዝ ገንዘብ) ጠቅልሎ ሸጦት ነበር። ቅጂው እንደ ትኩስ ዳቦ ሲሸጥ እርሱ ከዚያ ሽያጭ ሳንቲም አልደረሰውም፤ በማስተማር፣ የሙዚቃ ውድድር በመዳኘትና ኦርኬስትራ በመምራት ከከተማ ከተማ ሲሮጥ ኖሮ በ1912 በ37 ዓመቱ በሳምባ ምች ሞተ። ንጉሡ ለመበለቲቱ በዓመት 100 ፓውንድ ጡረታ ቆረጡላት። በ1914 እንግሊዝ ውስጥ የደራሲያንን የአደባባይ ጨዋታ ክፍያ የሚሰበስብ ማኅበር ሲቋቋም የእርሱ ነገር ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነበር። እርግጥ በርካሽ የሸጠ ነጭ ደራሲም ሞልቷል፤ ይህንን ቀድሜ ልበልልህ።

ነገር ግን አንድ ሥራው ስለተወደደ ሰውየው አልተረሳም ማለት አይቻልም። «ቴልማ» የተባለው ኦፔራው በሕይወቱ ሳለ መድረክ ሳያይ ቀረ። ጠፍቷል ሲባል ኖሮ የእጅ ጽሑፉ የተገኘው በብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2012፣ በሞተ በ100 ዓመቱ፣ ይኖርበት በነበረው በክሮይደን ነው። በጓዳ አልነበረም የተቀመጠው፤ በአገሪቱ ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ነበር። የፈለገው ሰው አልነበረም እንጂ።

ተጠራጣሪው፦
እመቤት፣ ስለ ገንዘቡ አልከራከርሽም። የጥራቱን ጥያቄ ግን ሁላችሁም እየዘለላችሁት ነው። የፕራይስን የመጀመሪያ ሲምፎኒ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ቅኝቱ ኢ ማይነር ነው፤ የቼኩ ደራሲ የድቮርዣክ ዘጠነኛ ሲምፎኒም በኢ ማይነር ነው። ዜማው፣ አገነባቡ፣ የነሐስ መሣሪያዎቹ አገባብ፣ ሁሉም የድቮርዣክን ጥላ ይመስላል። ዋናው እያለ ጥላውን ለምን በፕሮግራም ላስገባ?

ባለ ቫዮሊን፦
ይህን ነው የጠበቅሁት። ድቮርዣክ ኒው ዮርክ ሲያስተምር ሃሪ በርሌይ የሚባል ጥቁር ተማሪ እቤቱ እየሄደ የጥቁሮችን መንፈሳዊ መዝሙሮች ይዘምርለት ነበር። ድቮርዣክም በ1893 የአሜሪካ ሙዚቃ ወደፊት በጥቁሮች ዜማ ላይ መመሥረት እንዳለበት በጋዜጣ ተናገረ። እንግዲህ ያ ዜማ ከማን ወደ ማን ሄደ? ፕራይስ የአያቶቿን ንብረት ብትጠቀም ተበዳሪ የምትባለው በምን ሒሳብ ነው? ሦስተኛውን ክፍል ደግሞ እንደገና ስማው። ሌሎች ስኬርዞ የሚባለውን ፈጣን ክፍል በሚያስገቡበት ቦታ እርሷ ጁባ አስገብታለች፤ በባርነት ሳሉ ከበሮ የተከለከሉ ሰዎች ጭናቸውንና ደረታቸውን እየመቱ የሚጨፍሩትን ጭፈራ። ድቮርዣክ ውስጥ ያን ካገኘህ ንገረኝ።

ተጠራጣሪው፦
ጁባው ያማረ ነው፤ ከሲምፎኒው የምወድደውም እርሱን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ግን ረዝሞብኛል። ይህን የማለት መብት ይኑረኝ።

እመቤት የመዘምራኗ፦
መብትህ ነው። ይህን ለማለት የቻልከው ግን ሰው ስለተጫወተልህ ነው።

ክራር ወዳድ፦
ስለ ባህር ማዶ ስትከራከሩ የእኛዎቹንም አትርሱ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው፣ ኋላ ካይሮ ቀጥለው፣ መንኩሰው ፒያኖ የጻፉ ሰው ናቸው። የውጭው ዓለም በሰፊው ያወቃቸው በ2006 በወጣው፣ ኢትዮጲክስ በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ ቅጽ 21 ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ከ80 አልፎ ነበር። በ2023 ኢየሩሳሌም ዐረፉ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ለፍሉትና ለኦርኬስትራ የጻፉትን «እረኛው ባለ ዋሽንት»ስ ከመካከላችሁ በመድረክ ላይ ሲጫወት የሰማ አለ? የቀበና ልጅ፣ ከፓሪስ በፊት ከስድስት ኪሎ ብትጀምር ምን ነበረበት?

የቀበና ልጅ፦
ክራር ወዳድ፣ ልክ ነህ፤ ለብቻው ክርክር እንክፈትለት። የአሸናፊ ከበደ ኖታ ያለው ሰው ካለ ግን ዛሬውኑ ይናገር።

ተጠራጣሪው፦
እንግዲያስ አቋሜን ላሳጥር። ለማሳተም፣ የእጅ ጽሑፍ ለማረም፣ ለመቅዳት ገንዘብ ይመደብ፤ በሁለት እጄ እደግፋለሁ። በኮንሰርት ፕሮግራም ላይ የተቆረጠ ድርሻ ግን አልቀበልም። መሪው የወደደውን ይምረጥ።

ባለ ቫዮሊን፦
አሳታሚ እኮ ደንበኛ አይቶ ነው የሚያትመው፤ ደንበኛው ደግሞ ኦርኬስትራው ነው። የፕራይስን ሥራዎች መብት ትልቁ አሳታሚ ሺርመር የያዘው በ2018 ነው፤ ወረቀቱ ከተገኘ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ሰው ስለ እርሷ መጠየቅ ሲጀምር። የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ አንደኛና ሦስተኛ ሲምፎኒዎቿን ቀድቶ በ2022 ግራሚ ወሰደ። አንተ እየለየህ ያለኸው ነገር በተግባር አይለይም።

ተጠራጣሪው፦
ይለያል። አሜሪካኖቹ እነዚህን ደራሲያን የሚያበዙት የጥቁሮች ታሪክ ወር በሚሉት በፌብሩዋሪ ነው። ድርሻ ስትቆርጥላቸው መሪው ድርሻውን በዚያ ወር ይሞላና አሥራ አንዱን ወር ያርፋል። ለዚህ መልስ ካለህ አምጣ።

ባለ ቫዮሊን፦
ኪራዩ የተከፈለበት ኖታ በማርችም ይነበባል። የእኛ ኦርኬስትራ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሰበሰብ የፕራይስን ሦስተኛ ሲምፎኒ ለግንቦት አቀርባለሁ፤ ድምፅ ሲሰጥበት ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።