«ቼክ»፦ ከሻህ እስከ ሰንጠረዥ

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከእንግሊዝኛ በምተረጉመው ጽሑፍ ውስጥ «ቼክ» የሚለው ቃል አስቸገረኝ። አንዴ ቁጣን መግታት፣ አንዴ ሒሳብ ማረጋገጥ፣ አንዴ የባንክ ወረቀት ሆኖ ይመጣል። በድምፅ ብቻ የተገጣጠሙ የተለያዩ ቃላት ናቸው ወይስ ሥራቸው አንድ ነው?

መልስ፦ ሥሩ አንድ ነው፤ የተነሣውም ከፋርስ ነው። «ሻህ» በፋርስኛ ንጉሥ ማለት ነው። የቼዝ ተጫዋች የባላጋራውን ንጉሥ ሲያሰጋ «ሻህ!» ብሎ ያስጠነቅቃል። ቃሉ በዐረብኛ አልፎ ወደ መካከለኛው ዘመን ላቲን፣ ከዚያም ወደ ጥንታዊው ፈረንሳይኛ ገባ፤ እንግሊዝኛ ሲደርስ «ቼክ» ሆነ። «ቼዝ» የሚለው የጨዋታው ስምም የዚያው የፈረንሳይኛ ቃል የብዙ ቁጥር መልክ ነው።

«ሻህ» የተባለ ተጫዋች ሌላውን ዕቅዱን ሁሉ ትቶ ንጉሡን ማዳን ግድ ይለዋል። «መግታት» የሚለው ፍቺ ከዚህ የመጣ ነው። ከመግታት ማጭበርበርን ወደ መግታት፣ ከዚያም ወደ ማመሳከር ያለው መንገድ አጭር ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች «ቼክ» የሚሉት የገንዘብ ሰነድን ጉርድ ነበር፤ ጉርዱ ይቀመጣል፣ ወረቀቱ ሲቀርብ ከጉርዱ ጋር ይመሳከራል። ቆይቶ ስሙ ከጉርዱ ወደ ወረቀቱ ተዛወረ። ማጭበርበርን ለመግታት የተበጀ ቃል ዛሬ «ደረቅ ቼክ» ውስጥ መገኘቱ ያስቃል፤ ወረቀቱን የተቀበለው ነጋዴ ባይስቅም።

አሜሪካኖች የባንኩን ወረቀት እንደ ሌላው «ቼክ» ሁሉ ይጽፉታል፤ እንግሊዞች ግን ፊደሉን ይለውጣሉ። ለዚህ ምክንያት ነው የሚባለው «ኤክስቼከር» የተባለው የነገሥታቱ ግምጃ ቤት ስም ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ግብር የሚተሳሰብበት ጠረጴዛ ርዝመቱ 10 ጫማ፣ ወርዱ 5 ጫማ ያህል ነበር። መስመር የተሰመረበት ጥቁር ጨርቅ ይለብሳል፤ ሹማምንቱ በመስመሮቹ መካከል መቁጠሪያ እያኖሩና እያነሡ ሒሳቡን ይሠራሉ። ነገሩ የቼዝ ገበታ ስለሚመስል ስሙ ወጣለት። የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትር እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል።

ሌላ አባል፦ «ቼክሜት»ስ? «ማት» ከዐረብኛው «ማተ»፣ ከእኛም «ሞተ» ጋር አንድ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። «ንጉሡ ሞተ» ማለት አይደለም?

መልስ፦ ለእኛ ለሴማዊ ቋንቋ ተናጋሪዎች ጆሮ ይጥማል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ብዙ ሊቃውንት የሚመርጡት የፋርስኛውን «ማት» ነው፤ የተረታ፣ መላ ያጣ እንደ ማለት ነው። የጨዋታው ሕግም ለዚህ ይመሰክራል። በቼዝ ሌላው ሁሉ ይበላል፤ ንጉሥ ግን አይበላም። መግቢያ መውጫ ሲያጣ ጨዋታው እዚያው ያበቃል።

ከአማርኛ ጋር እውነተኛ ዝምድና ከፈለጉ «ሰንጠረዥ»ን ይመልከቱ። የቼዝ ጥንተ ስም የሆነው የሕንዱ «ቻቱራንጋ»፣ ማለትም ባለ አራት ክንፍ ሠራዊት፣ በፋርስ አልፎ በዐረብኛ «ሸጠረንጅ» ሆነ፤ እኛ ዘንድ ሰንጠረዥ ተባለ። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ አጀማመሩ እንደ አውሮፓው አልነበረም። «ወረራ» በሚባለው መክፈቻ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያሻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ገበታውም ነጭና ጥቁር ቤት አልነበረውም፤ ቀይ ጨርቅ ላይ ጠቆር ያሉ መስመሮች ይጠላለፉበታል። የእኔ ግምት ነው እንጂ፣ ዛሬ የእግር ኳስ ክለቦች የደረጃ ሰንጠረዥ የምንለው ነገር ስሙን ያገኘው ከዚያ የመስመር መጠላለፍ ይመስለኛል። እንግሊዞች ደግሞ ከገበታው ቀለሙን ወስደው ባለ ሁለት ቀለም አራት ማዕዘን ያለበትን ጨርቅ «ቼክ» አሉት።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። «ቼክ ሪፐብሊክ»ም የዚሁ ዘር ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እሱ የአንድ የስላቭ ሕዝብ ስም ነው፤ ከሻህ ጋር አይተዋወቅም። ለትርጉምዎ ግን ቁጣ ሲሆን «መግታት»፣ ሒሳብ ሲሆን «ማመሳከር» ወይም «ማረጋገጥ» ይበሉ። ጽሑፉ የአሜሪካ ከሆነና ሰዎቹ ምግብ ቤት ከተቀመጡ ይጠንቀቁ፤ አስተናጋጁ የሚያመጣላቸው «ቼክ» የባንክ ወረቀት ሳይሆን የበሉበት ሒሳብ ነው።